ለልጅዎ በአካቶ ቅድመ መደበኛ ክፍል ቦታ ማግኘት፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወላጆች

ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ንግግሩ ከዘገየ፣ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ከከበደው፣ አካሉ እንደ ልብ አልታዘዝ ካለው ወይም በአንድ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ካቃተው፣ በአሜሪካ የመኖሪያ አካባቢው የመንግሥት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያለ ምንም ክፍያ ሊገመግመውና ብቁ ሆኖ ከተገኘ ሊያስተምረው በሕግ ይገደዳል። ሕጉ በ1975 የወጣና ከ1990 ጀምሮ አይዲኢኤ በሚል ስም የሚታወቀው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን በሙሉ ያካተተው በ1986ቱ ማሻሻያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህን የመጀመሪያውን መብት ብዙ ወላጆች ይዋል ይደር እንጂ ከሐኪም ወይም ከጎረቤት ይሰሙታል። ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ሁለተኛው ነው፤ ሕጉ ልጁ እገዛውን የሚያገኘው በተቻለ መጠን የአካል ጉዳት ከሌላቸው ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እየተማረ እንዲሆን፣ ከእነርሱ የሚለየውም ተጨማሪ እገዛ ተሰጥቶት እንኳ በመደበኛው ክፍል ውስጥ ትምህርቱ በአጥጋቢ ሁኔታ ሊሳካ ካልቻለ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። አካቶ ትምህርት የሚባለው እንዲህ አብሮ መማር ነው። ስለዚህ ለመለየት ምክንያት ማቅረብ ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው፤ ወላጅ «ከሌሎች ጋር ይቀላቀልልኝ» ብሎ መለመን አይጠበቅበትም። ወደ ስብሰባ ሲገቡ «ልጄን የት ታስገቡልኛላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ልጄ ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ምን ምን እገዛ ያስፈልገዋል?» በሚለው ቢጀምሩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ውይይት መልኩ ይለወጣል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሁሉ የተጻፈው ይህን ጥያቄ በትክክለኛው ጊዜና ቦታ ለመጠየቅ እንዲረዳ ነው።

ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

የሚያመለክቱበት ቦታ በልጁ ዕድሜ ይወሰናል። ልጅዎ ሦስት ዓመት ካልሞላው ጉዳዩን የሚይዘው የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት ነው፤ በዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ በሜሪላንድ በየካውንቲው ያለው ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። ጥያቄው ከደረሳቸው ቀን አንሥቶ በ45 ቀናት ውስጥ ልጁን ገምግመው፣ ብቁ ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር የመጀመሪያውን የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ ማድረግ አለባቸው። ባለሙያዎቹም ልጁ ወደሚውልበት ቤት ወይም የሕፃናት ማቆያ ይመጣሉ።

ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ቢያንስ 90 ቀናት ቀደም ብሎ የሽግግር ስብሰባ መጠራት አለበት፤ ካልተጠራ እርስዎ ያስታውሷቸው። በቤት የሚሰጠው አገልግሎት በሦስተኛው የልደት ቀን ሲቆምና የትምህርት ቤቱ ሳይጀመር ሲቀር በመካከል ወራት የሚባክኑት በዚህ ጊዜ ነውና። በሜሪላንድ አንድ ተጨማሪ ምርጫ አለ፤ ልጁ ለልዩ ትምህርት ብቁ ከሆነ ቤተሰቡ የቀድሞውን ዓይነት አገልግሎት ልጁ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ እስከሚከፈተው የትምህርት ዘመን ድረስ ማስቀጠል ይችላል። ሆኖም ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መዋል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ ይህን ምርጫ ከመቀበልዎ በፊት ደግመው ያስቡበት።

ሦስት ዓመት የሞላው ወይም ሊሞላው የተቃረበ ልጅ በዲሲ የሚገመገመው ኧርሊ ስቴጅስ በሚባለው ማዕከል ሲሆን፣ ማዕከሉ ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ያሉትን ልጆች ይቀበላል። ልጁ ቀድሞውኑ በቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ ግን ራሱን ችሎ በሚተዳደር ትምህርት ቤት) የተመዘገበ ከሆነ ግን ግምገማው የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ወደ ካውንቲው ወይም ወደ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ደውለው ቻይልድ ፋይንድ የሚባለውን ክፍል ይጠይቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ በትምህርት ቤት በኩል ለልዩ ትምህርት ብቁ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ ያላችሁ ሦስተኛውን ልደት እስክታከብሩ አትጠብቁ። በነገራችን ላይ፣ ኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ ካለዎት የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል መዞሩን ያረጋግጡ። በጥቂት ቀናት ስሕተት የተነሳ ልጁ የምዝገባው ቀን ሊያልፍበትና አንድ ዓመት ሊያጣ ይችላል።

የሚያዘገዩ ምክሮች

ማመልከቻው እንዳይገባ የሚያደርጉ ሦስት ምክሮች በማኅበረሰባችን ውስጥ በብዛት ይሰማሉ፤ ሦስቱም ከቅንነት የሚሰጡ ናቸው። የመጀመሪያው «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» የሚለው ነው። እንዲህ ሆኖ የሚገኝ ልጅ አለ። ግን ግምገማው በነፃ ስለሆነና ልጁ ብቁ ሆኖ ባይገኝ የሚያጣው ነገር ስለሌለ፣ መጠበቁ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ሁለተኛው «ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚለው ነው፤ ይህን የሚሉ መምህራንና ሐኪሞችም አይጠፉም። ሁለት ቋንቋ እየሰሙ ማደግ የንግግር መዘግየትን አያመጣም። እውነተኛ መዘግየት ያለበት ልጅ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ይቸገራል። ቤት ውስጥ በአማርኛ እንደ ልቡ እያወራ ትምህርት ቤት ዝም የሚል ልጅ ደግሞ ምናልባት አዲሱን ቋንቋ በመስማት ላይ ያለ ልጅ ነው። ወላጅ በደንብ በማይችለው ቋንቋ ልጁን ማናገር ሲጀምር ልጁ ያጣው ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ከእናቱና ከአባቱ ጋር የሚያደርገው ጨዋታም ይቀንሳል።

ሦስተኛው «መጀመሪያ ከስፔሻሊስት ሐኪም ወረቀት አምጡ» የሚለው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች ሁሉ በ9፣ በ18 እና በ30 ወራቸው የእድገት ምርመራ፣ በ18 እና በ24 ወራቸው ደግሞ የኦቲዝም ምርመራ እንዲደረግላቸው ይመክራል፤ ይህን ከልጅዎ ሐኪም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የመስማት ምርመራውም አይዘንጋ። ነገር ግን ለትምህርት ቤቱ ግምገማ የሐኪም ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ወላጅ በራሱ ማመልከት ይችላል። የሆስፒታል ምርመራና የትምህርት ቤት ውሳኔ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። በሆስፒታል ኦቲዝም አለበት የተባለ ልጅ የትምህርት ዕቅድ እንዲያገኝ የግድ በትምህርት ቤቱ ግምገማ ማለፍ አለበት፤ ምንም የሆስፒታል ወረቀት የሌለው ልጅም በዚሁ ግምገማ ብቁ ሊባል ይችላል። የእድገት ስፔሻሊስቶች የቀጠሮ ሰልፍ ረጅም በመሆኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይሻላል።

ማመልከቻው

በስልክ መጀመር ይቻላል፤ መቼ እንደጠየቁ ማስረጃ የሚሆንዎ ግን ጽሑፍ ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢጻፍ በቂ ነው፦

«ልጄ (ሙሉ ስም) በ(የልደት ቀን) ተወለደ። በንግግሩ፣ ከልጆች ጋር ባለው ግንኙነትና በዕለታዊ ክህሎቶቹ ላይ ስጋት አለኝ። በአይዲኢኤ ሕግ መሠረት ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ብቁ መሆን አለመሆኑ እንዲታወቅ፣ በሚያሳስቡኝ ዘርፎች ሁሉ ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ግምገማው በአማርኛም እንዲካሄድ፣ ለስብሰባዎች አስተርጓሚ እንዲመደብልኝና ማስታወቂያዎች በአማርኛ እንዲደርሱኝ እጠይቃለሁ።»

ቀን ጽፈው፣ ፈርመው፣ በኢሜይል ይላኩት ወይም በእጅ ሰጥተው በቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀን ያስጽፉ። እንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብድዎ ከሆነ በአማርኛ ይላኩት፤ ማስተርጎም የእነርሱ ሥራ ነው። በተለይ በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች በሙሉ የሚያስገድድ ሲሆን፣ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ትምህርት ቤቱ መገምገም አያስፈልግም ብሎ ካመነ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በስልክ የሚነገር «ጥቂት ወራት እንጠብቅና እንይ» እንደ መልስ አይቆጠርም፤ «እባክዎ ይህንኑ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከእምቢታ ደብዳቤ ይልቅ የግምገማው ቀጠሮ ይመጣል።

የጊዜ ገደቡ እንደየግዛቱ ይለያያል። የፌዴራሉ ሕግ ወላጅ የግምገማ ስምምነት ከፈረመበት ቀን አንሥቶ 60 ቀናት ይሰጣል፤ ዲሲም በዚሁ ትሠራለች። ሜሪላንድ ከስምምነቱ 60፣ ከጽሑፍ ማመልከቻው ደግሞ ከ90 ቀናት እንዳይበልጥ ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ማመልከቻው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 65 የሥራ ቀናት ትፈቅዳለች፤ ይህም ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ልጁ ብቁ ነው ከተባለ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ይደረጋል። ደምሩት፤ በሴፕቴምበር ክፍል እንዲጀምር የሚፈልጉት ልጅ ማመልከቻው በአሜሪካው ክረምት ብርድ ወራት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ቢገባ ይመረጣል።

ግምገማው ልጅዎን እንዲያሳይ

ግምገማው በንግግር፣ በአስተሳሰብ፣ በእንቅስቃሴ፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና ራስን በመርዳት ክህሎት ላይ ያተኩራል። ሕጉ በአንድ መመዘኛ ብቻ መወሰንን ይከለክላል፤ በልጁ የቤት ቋንቋ እንዲካሄድም ያዝዛል፤ ዋናው ምክንያት የእንግሊዝኛ እጥረት ከሆነ ደግሞ ልጁ ለልዩ ትምህርት ብቁ ሊባል አይችልም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ተለክቶ የተሠራ ፈተና በአስተርጓሚ ሲቀርብ የሚወጣው ቁጥር እንዳለ ሊወሰድ እንደማይገባ ለገምጋሚዋ ማሳሰብ መብትዎ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ሲያወራ፣ ሲጫወት፣ ሲናደድ የተቀረጹ አጫጭር የስልክ ቪዲዮዎች ይዘው ይሂዱ። ከማያውቃት ሴት ጋር በማያውቀው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የሦስት ዓመት ልጅ ግማሹን ችሎታውን አያሳይም።

ራስን የመርዳት ክህሎት የሚለካው ለወላጅ በሚቀርብ መጠይቅ ነው፤ እዚህ ላይ ባህል ከውጤቱ ጋር ይጋጫል። «በማንኪያና በሹካ ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ እንጀራ በእጁ የሚበላና ከእናቱ ጉርሻ የለመደ ልጅ «አይበላም» የሚል መልስ ያስገኝለታል፤ እጁን መጠቀም የማይችል ልጅ ግን አይደለም። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ዝቅ የሚያደርግ ልጅም እንዲሁ ሰውን ዓይን ለዓይን የማያይ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ «አያደርግም» እና «ዕድሉን አላገኘም» የተለያዩ መሆናቸውን በመጠይቁ ጠርዝ ላይ ይጻፉ። በተቃራኒው ደግሞ ከእፍረት የተነሳ ችግሩን አሳንሶ መናገር አለ፤ በሌሊት የማይተኛን ልጅ «ደህና ይተኛል» ማለት፣ የማይነገርን ቃል «አልፎ አልፎ ይላል» ማለት። ይህ ልጁን ከሚያስፈልገው እገዛ ያርቀዋል።

የማኅበረሰባችን ስፋት ሌላ ስጋት ያመጣል፤ የተመደበው አማርኛ አስተርጓሚ የቤተ ክርስቲያን ወይም የዕድር ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚዎች ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ ያም ሆኖ ካልመችዎ ከሌላ ግዛት በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን ለአስተርጓሚነት አይውሰዱ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ታናሽ ወንድሙ የሚነገረውን ሁሉ መሸከም የለበትም።

በሕጉ ካሉት 13 የአካል ጉዳት ምድቦች በተጨማሪ የእድገት መዘግየት የሚባል ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀ ምድብ አለ። ልጁ ላይ ለሕይወቱ የሚከተለው ስም ሳይለጠፍበት እገዛ እንዲያገኝ ያስችላል። የእገዛው መጠን የሚወሰነው በልጁ ፍላጎት እንጂ በምድቡ ስም አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል።

ስብሰባው

አይኢፒ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ የሚጻፈው በስብሰባ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ እርስዎ፣ የልዩ ትምህርት መምህር፣ የግምገማውን ውጤት የሚያብራራ ባለሙያ፣ የጽሕፈት ቤቱን ገንዘብና ሠራተኛ መመደብ የሚችል ተወካይ ይኖራሉ፤ ልጁ በመደበኛ ክፍል የሚማር ወይም ሊማር የሚችል ከሆነም የመደበኛ ክፍል መምህር መገኘት አለበት። ይህ የመጨረሻው ሰው ብዙ ጊዜ ይቀራል። አካቶ ትምህርት የሚፈልግ ወላጅ ከስብሰባው በፊት በኢሜይል «የመደበኛ ቅድመ መደበኛ ክፍል መምህር እንዲገኝልኝ» ብሎ መጻፍ አለበት፤ በመደበኛው ክፍል ውስጥ የሚሆነውን የማያውቁ ሰዎች ልጁ እዚያ አይችልም ቢሉ አይደንቅምና።

ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤቱ የሚወያይባቸውን ሰነዶች ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀናት ቀድሞ ለወላጅ ማድረስ አለበት። ያለቀው ዕቅድም የወላጁ ቋንቋ በአካባቢው የትምህርት ዲስትሪክት ተማሪዎች ዘንድ ከአንድ በመቶ በላይ የሚነገር ከሆነ፣ ወላጁ ሲጠይቅ በ30 ቀናት ውስጥ ተተርጉሞ ይሰጣል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያወጧቸውን ሰነዶች ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ስለሆነ እዚያ የሚኖር ሰው ይህን ከመጠየቅ ወደኋላ ማለት የለበትም።

በስብሰባው ላይ የነገሮቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ልጁ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ከዚያ የዓመቱ ግቦች፣ ከዚያ ግቦቹን ለማሳካት የሚያስፈልጉ አገልግሎቶች፣ በመጨረሻም አገልግሎቱ የሚሰጥበት ቦታ ነው የሚወሰነው። ስብሰባው «በእገሌ ትምህርት ቤት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የተዘጋጀ ጥሩ ክፍል አለን» በሚል ከተጀመረ ጭራው ፊት ሆኗል፤ በትሕትና «ስለ ቦታው በኋላ እንድንነጋገር፣ መጀመሪያ ግቦቹን እንጨርስ» ይበሉ።

ግቦቹ የሚለኩ መሆን አለባቸው። «ማኅበራዊ ግንኙነቱ ይሻሻላል» የሚል ግብ በዓመቱ መጨረሻ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም ሊባል አይችልም። «በነፃ ጨዋታ ሰዓት ከአምስት አጋጣሚዎች በአራቱ እኩያውን በቃል፣ በምልክት ወይም በሥዕል ካርድ መጫወቻ ይጠይቃል» የሚል ግን ይለካል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁለተኛው ግብ እኩያ ያስፈልገዋል። ግቦቹ ከሌሎች ልጆች ጋር የሚሠሩ ተደርገው ከተጻፉ፣ ልጁን ሌሎች ልጆች ወደማይናገሩበት ክፍል ማስገባት ከራሱ ከዕቅዱ ጋር ይጋጫል። ለአካቶ ክፍል ከሚቀርቡ መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ ያለ ጠበቃም ሊቀርብ የሚችል ነው።

አገልግሎቶቹም እንዲሁ በቁጥር ይጻፉ፦ የንግግር ሕክምና በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ በማን፣ ከክፍል ተወስዶ ነው ወይስ ባለሙያዋ ክፍል ውስጥ ገብታ በጨዋታው መካከል? ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ሁለተኛው በአብዛኛው ይሻላል፤ ልጁ የተማረውን ቃል ወዲያውኑ ይጠቀምበታል፣ መምህሯም አሠራሩን ታያለች። ከዚያ ተጨማሪ መርጃዎች አሉ፦ የዕለቱን ሥራ በተራ የሚያሳይ የሥዕል ሰሌዳ፣ ጩኸት ሲበዛበት የሚያርፍበት ጥግ፣ እግሩ መሬት የሚደርስበት ወንበር፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሸጋገሩ የሚረዳው ሰው፣ ለመምህሯም የሚሰጥ ሥልጠና። በቃል የተገባልዎ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ መምህሯ ስትቀየር አብሮ ይሄዳል። አውቶቡስ የሚያስፈልገው ልጅ ከሆነ ማጓጓዣውም የዕቅዱ አካል ሆኖ ይጻፍ።

ዕቅዱ ልጁ ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜና ምክንያቱን የሚያብራራ ክፍል አለው። በዚያ ክፍል «የልጁ ፍላጎት ስለሚጠይቅ» የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ፣ የትኛው እገዛ በመደበኛው ክፍል እንደተሞከረ ወይም ለምን ሊሠራ እንደማይችል እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ይሉኝታ እዚህ ላይ ያስከፍላል። አምስት የተማሩ ሰዎች በአክብሮት ሲያናግሩን «አይሆንም» ማለት እንደ ብልግና ይሰማናል፤ ስለዚህ ፈርመን እንወጣለን። በመገኛ ዝርዝሩ ላይ መፈረምና አገልግሎቱ እንዲጀመር መስማማት ግን ሁለት የተለያዩ ፊርማዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ፈርመው ሁለተኛውን «ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። የመጀመሪያው አገልግሎት ያለ እርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ሊጀመር አይችልም። ትምህርት ቤቱ ለሕክምናው ከሜዲኬይድ ገንዘብ ለማስመለስ ፈቃድ ቢጠይቅዎና እርስዎ ባይፈቅዱ ልጁ አገልግሎቱን አያጣም።

የትኛው ክፍል?

በፌዴራል መንግሥቱ አቆጣጠር መደበኛ የቅድመ ልጅነት ክፍል የሚባለው ቢያንስ ግማሾቹ ልጆች የአካል ጉዳት የሌለባቸው ክፍል ነው። ስለዚህ «አካቶ ክፍል ነው» ሲባሉ «ከልጆቹ ስንቶቹ አይኢፒ የላቸውም?» ብለው ይጠይቁ። ከአሥር ልጆች ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ስሙ እንጂ ግብሩ አካቶ አይደለም።

ዲሲ በ2008 በወጣው የቅድመ መደበኛ ሕግ መሠረት ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በሰፊው ክፍሎችን ከፍታለች፤ ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት ከሞላው የትምህርት ቤት ቦታ በዕጣ በሚደለደልበት በማይ ስኩል ዲሲ ሎተሪ ማመልከት ይችላል። የልዩ ትምህርት ሂደቱና ሎተሪው ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱን እየጠበቁ ሌላውን አይተዉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንግሥታዊው ቅድመ መደበኛ በዋነኛነት የአራት ዓመት ልጆችንና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦችን የሚያስቀድም ስለሆነ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ያላቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት «ለሦስት ዓመት መደበኛ ክፍል የለንም፤ ያለን ልዩ ክፍል ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህ የመጨረሻ መልስ አይደለም። የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2017 ባወጣው ደብዳቤ የራሳቸው ቅድመ መደበኛ የሌላቸው ዲስትሪክቶችም ሌሎች አማራጮችን መመልከት እንዳለባቸው ግልጽ አድርጓል። በ1965 የተጀመረውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ልጆች የተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም ሄድ ስታርት ከቦታዎቹ ቢያንስ 10 በመቶውን ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ልጁ አሁን የሚውልበት የሕፃናት ማቆያም የዲስትሪክቱ መምህርት እየተመላለሰች የምታስተምርበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

የግል ማቆያዎች በ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ልጁን በጉዳቱ ምክንያት ብቻ ሊመልሱት አይችሉም፤ በሃይማኖት ተቋማት የሚተዳደሩት ግን ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው።

ከመስማማትዎ በፊት ክፍሉን ለማየት ይጠይቁ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይመልከቱ፤ እገዛ የሚያስፈልጋቸው ልጆች የት እንደተቀመጡ ይመልከቱ። ከረዳቷ ጋር በጥግ ለብቻቸው ከሆኑ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍል አለ ማለት ነው። ረዳቷ ልጁን ራሱን ትረዳለች ወይስ ሌላውን ልጅ «አብረኸው ሥራ፣ መኪናውን ስጠው» እያለች ታገናኛቸዋለች? አንድ ልጅ ሲያለቅስ ምን ያደርጋሉ? ምሳ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁሉም አብረው ናቸው? አንዳንድ ቦታ ገና ዳይፐር ያልተወ ልጅ አይገባም ይባላል፤ ይህ ልጁ አይኢፒ ካለውና መዘግየቱ ከጉዳቱ የመጣ ከሆነ ሊያስከለክለው አይገባም፤ እንዲያውም ራሱ ግብ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

የተለየ ክፍል ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጥቂት ልጆች ለተወሰነ ጊዜ በትንሽ ክፍል፣ በዝግታ መጀመር ይጠቅማቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ሌላ በር ሁሉ ለተዘጋባቸው ልጆች ምን ያህል እንደጠቀመ የምናውቅ ሰዎች የተለየ ቦታን በደፈናው አንነቅፍም። የተለየ ክፍል ከተቀበሉ ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ልጁ ምን ሲችል ነው ወደ መደበኛው ክፍል የሚመለሰው፣ ይህስ መቼ ይገመገማል?

አለመስማማት ሲኖር

በመጀመሪያ በየግዛቱ ያሉትን የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከላት ያነጋግሩ፤ አገልግሎታቸው ለወላጆች ነፃ ነው። በዲሲ አድቮኬትስ ፎር ጀስቲስ ኤንድ ኤጁኬሽን፣ በሜሪላንድ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ፒያትሲ በሚል አጭር ስሙ የሚጠራው ማዕከል ናቸው። የግምገማውን ውጤት ካልተቀበሉ በመንግሥት ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲደገም መጠየቅ ይችላሉ፤ ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ግምገማው ትክክል መሆኑን በችሎት ለማስረዳት ራሱ ያመለክታል። የተጻፈ አገልግሎት ካልተሰጠ ጥሰቱ ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ለግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ይህ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ለቀላልና በወረቀት ለሚረጋገጡ ጥሰቶች ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። ሽምግልናም በነፃ ይቀርባል። ወደ ችሎት መሄድ የመጨረሻው ነው፤ በመደበኛው የሁለት ዓመት ገደብ ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስም ልጁ በነበረበት ክፍል ይቆያል።

ከአንድ ዓመት በኋላ

ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይከለሳል፤ ሙሉ ግምገማው በሦስት ዓመት አንዴ ይደገማል። በመካከሉ ስብሰባ ለመጥራት ግን የዓመቱን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም። የእድገት ሪፖርቱ ሲመጣ ከግቦቹ ጋር ያስተያዩት፤ ለሁለት ሪፖርቶች አንድም ለውጥ ካልታየ ልጁን ሳይሆን አሠራሩን እንዲቀይሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። በአሜሪካው የበጋ ዕረፍት (ከጁን እስከ ኦገስት) የተማረውን እንዳያጣ የሚያሰጋ ከሆነም የተራዘመ የትምህርት ዓመት አገልግሎት ጥያቄ ከዚያ በፊት ባሉት የፀደይ ወራት መቅረብ አለበት።

ወደ ኪንደርጋርተን የሚሸጋገርበት ስብሰባ ሲደርስ፣ በቅድመ መደበኛው በአካቶ ክፍል የቆየ ልጅ «ኪንደርጋርተን ይከብደዋል» ተብሎ ወደ ተለየ ክፍል እንዲዛወር ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። በዚያ ቀን አሁን የሚያስተምሩት መምህርት እንድትገኝ ያድርጉ፤ ልጁ ከሌሎች ጋር ምን እንደሚሠራ በዓይኗ ያየችው እርሷ ናት። የሥዕል ሰሌዳውን፣ የማረፊያ ጥጉንና የሠሩለትን ሌሎች መርጃዎች ዝርዝር ከእርሷ አስጽፈው ለአዲሷ መምህርት ከትምህርት መከፈቻው በፊት ያድርሱ።